የትምህርት ታሪክ ማሳያ ሲታደስ ዋጋውን የሚያወጣው የትኛው ዕቃ ነው?

የባህል ማዕከል የታሪክ ክፍል ሲታደስ በጀቱ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ላይ ያልቃል። አዲስ ሰሌዳ፣ ትልልቅ ፎቶ፣ የሚያብረቀርቅ ርዕስ ይሰቀላል። የብራና ዳዊቱ ግን ድሮ በነበረበት፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ የመሠረተ ትምህርት መማሪያውም ጀርባው በእስኮች እንደተጣበቀ ይመለሳል። በዚህ ግምገማ ለወረዳና ለዞን ባህል ማዕከሎች እንዲሁም ለትምህርት ቤት ሙዚየሞች የሚሆኑ፣ በአዲስ አበባ ገበያ የሚገኙ ዕቃዎችንና አገልግሎቶችን እንመዝናለን። የኛ ፍርድ ይህ ነው፦ ቅድሚያ ለመብራትና ለጽሑፍ፣ ከዚያ ለመስታወት ሣጥን፣ የተረፈው ለሰሌዳ። አብዛኛው ፕሮፎርማ የሚሰበሰበው ግን በተገላቢጦሹ ነው።

መመዘኛ ያደረግነው 60 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የአካባቢውን የትምህርት ታሪክ የሚያሳይ ክፍል ነው። በአንድ በኩል የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ደበሎና አኩፋዳ፣ የፊደል ገበታ፣ የብራና መጻሕፍት አሉ። በሌላ በኩል የቁርኣን ቤት ሉህ፣ ማለትም ልጁ የሚጽፍበት የእንጨት ሰሌዳ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1908 ከተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የሚጀምረው የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና እስከ 15 ቋንቋዎች የደረሰው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መማሪያዎች፣ የድሮ የክፍል ፎቶዎች፣ ደወል ሆኖ ያገለገለ የመኪና ቸርኬ። እያንዳንዱ የሚበላሽበት ምክንያት የተለያየ ስለሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሣጥንና አንድ ዓይነት አምፖል መግዛት ከመጀመሪያው ስህተት ነው።

ስለ አደረጃጀቱ አንድ ነገር እንበል። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በሰው የሕይወት ዑደት ደርድሯቸዋል፤ ከልጅነት ተነስቶ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ይሄዳል። ለትምህርት ታሪክም ይህን መንገድ እንመርጣለን። ጎብኚው ከፊደል ቆጠራ ተነስቶ ወደ ንባብ፣ ወደ ዜማ፣ ወደ ቅኔ ቤት ቢያልፍ፣ ጎን ለጎን ደግሞ የቁርኣን ቤቱንና የአስኳላውን ልጅ ቢከተል፣ የ12 ዓመት ተማሪ ያለ አስጎብኚ ይገባዋል። በነገሥታት ዘመን የተደረደረ ክፍል ግን ተማሪውን ዓመት ከማስቆጠር አልፎ የሚወስደው ቦታ የለም።

የሥራው ቅደም ተከተል ጣሪያ፣ ኤሌክትሪክ፣ ቀለም፣ ሰሌዳ፣ ሣጥን፣ በመጨረሻም ዕቃው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጣሰው ቀለም ላይ ነው፤ ለምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው ግድግዳው የዘይት ቀለም ይቀባና ዕቃው በማግስቱ ይገባል። ከእርጥብ ቀለም የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ተጠራቅሞ ብረቱንና ወረቀቱን ይጎዳል። መስኮቱ ተከፍቶ ቢያንስ አራት ሳምንት ይናፈስ። ዕቃዎቹ ከክፍሉ ሲወጡ እያንዳንዱ ፎቶ ይነሳ፣ ይለካ፤ ቁጥሩም በጥጥ ጥብጣብ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ይታሰር። ዕቃው ላይ በማርከር መጻፍ ክልክል ይሁን። በቅርስነት የተመዘገበ ነገር ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይነካም።

ሰሌዳው

ፎሬክስ የሚባለው ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ በየማተሚያ ቤቱ አለ፤ ቀላል ነው፣ በቢላ ይቆረጣል። የ3 ሚሊሜትሩን ጨርሶ አንመክረውም፤ ለብቻው ሲሰቀል ክረምትና በጋ ሳይሞላው ይቆለመማል። የ5 ሚሊሜትሩ እስከ 70 በ100 ሴንቲሜትር ድረስ ይበቃል። ከዚያ ከተለቀ 10 ሚሊሜትር ፎሬክስ ወይም አሉኮቦንድ (በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ፕላስቲክ ያለበት ሰሌዳ) ይሁን። ፎሬክስ በሙቀት ይለጠጣል፤ 2 ሜትር የሚረዝመው ሰሌዳ የ20 ዲግሪ ለውጥ ሲያገኘው ከ2 ሚሊሜትር በላይ ይጨምራል። አራቱ ማዕዘን በብሎን ከተጠበቀ መሄጃ ስለሚያጣ ሆዱን ይነፋል። ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ በ3 ሚሊሜትር ይስፋ።

ከብሎን የሚሻለው ግን በ45 ዲግሪ የተሰነጠቀ ጣውላ ነው፤ ግማሹ ግድግዳው ላይ፣ ግማሹ ሰሌዳው ጀርባ ላይ ይመታና አንዱ በአንዱ ላይ ይንጠለጠላል። ሰሌዳው ለማስተካከያ በደቂቃ ይወርዳል። በሁለት ጎን ማጣበቂያ ፕላስተር መስቀል በጭቃ ግድግዳ ወይም በኖራ ቀለም ላይ አይሠራም፤ ፕላስተሩ የሚይዘው የቀለሙን ቆዳ እንጂ ግድግዳውን አይደለም፣ ቆዳው ሲላቀቅ ሰሌዳውም ይወርዳል።

በስቲከር ላይ ታትሞ የሚለጠፈውና በቀጥታ ሰሌዳው ላይ የሚታተመው ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ምርጫውን የሚወስነው የጎብኚው ዓይነት ነው። ቀጥታ ኅትመት የሚላጥ ጠርዝ የለውም፣ ግን ጥፍርና ቦርሳ ይቧጭሩታል። ተማሪ ለሚበዛበት ክፍል ስቲከር ከማያብረቀርቅ ላሚኔሽን ጋር ይሻላል፤ ጠርዙ በአሉሚኒየም ቅርፅ ይታቀፍ፣ አለበለዚያ የልጆች ጣት ከማዕዘኑ ጀምሮ ያነሳዋል። የሚያብረቀርቀው ላሚኔሽን በማተሚያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዓይን ይስባል፤ አምፖል ሲበራበት ግን ከጽሑፉ ይልቅ የሚታየው አምፖሉ ነው። ባነር ለአንድ ሳምንት በዓል እንጂ ለቋሚ ማሳያ አይሆንም።

ጽሑፉ

ብዙ እድሳት የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ በገንዘብ እጥረት የሚመጣ አይደለም። ቢሮው ጽሑፉን በድሮ ፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ጽፎ ይልካል። እነዚህ የቆዩ ፎንቶች ፊደሉን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ስለሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ወደ ትርጉም የለሽ ምልክት ይለወጣል። ሠራተኛው ሊያስተካክል ሲል አንዱን አንቀጽ እንደገና ይተይበዋል፤ ከዚያ በኋላ ስህተቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። መፍትሔው ከመነሻው በዩኒኮድ፣ እያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር የራሱ ቋሚ ቁጥር ባለበት አሠራር፣ መጻፍ ነው፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሁሉም ይሆናሉ። ለማተሚያ ቤት የሚሰጠውም ፊደሉ ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማያስፈልገው ሥዕል) የተቀየረ ፒዲኤፍ ይሁን። ማረሚያው ኮፒ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይታረምም።

ሁለተኛው ጥፋት ቦልድ ነው። ፎንቱ የራሱ ደማቅ ዓይነት ከሌለው ሶፍትዌሩ መስመሩን በግድ ያወፍረዋል። በላቲን ፊደል ይህ ብዙም አይጎዳም፤ በኛ ፊደል ግን ንባብ ይለውጣል። ቢ እና ቤን የሚለየው እግሩ ሥር ያለው ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ውስጡ ሲሞላ ቤ ወደ ቢ ይጠጋል። ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸ የሚለዩት በራስጌ ምልክት ብቻ ነው፤ ያም በትንሽ መጠን ከግንዱ ጋር ይዋሃዳል። ፊደል ለመቁጠር ለመጣ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ወፍራም በርካታ እውነተኛ ክብደት ስላለው ለርዕስ የምንመርጠው እሱን ነው።

ለመጠን፦ ሣጥን ውስጥ ላለ የዕቃ መግለጫ ከ24 ነጥብ በታች አይወረድ፤ በአንድ ሜትር ርቀት ለሚነበብ ሰሌዳ ከ36 እስከ 48 ይሁን። አንድ ዋና ሰሌዳ ከ100 የአማርኛ ቃል አይለፍ፣ የዕቃ መግለጫ ደግሞ 30 ይበቃዋል። ከ250 ቃል በላይ የተጫነበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚጨርስ የለም፤ የሚተርፈው ጽሑፍ በመጽሔት መልክ ታትሞ በሩ ላይ ይቀመጥ። ሰሌዳው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ወይም በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ረዘም ስለሚል ለእሱ አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ ቦታ ተዉለት። ካልሆነ ዲዛይነሩ ፊደሉን ያሳንስና አንዱ ቋንቋ ተናቀ የሚል ተገቢ ቅሬታ ይመጣል። የጽሑፉ አካል ከወለል ከ90 እስከ 150 ሴንቲሜትር መካከል ይረፍ፤ ለታች ክፍል ተማሪዎች የሚሆነው ሰሌዳ መሐሉ 120 ላይ ይዋል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከፈረንጆቹ ዓመት ሁልጊዜ 8 መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው፤ ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ግድም የሚቀነሰው 7 ነው። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተጀመረው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ቀን 1974። ይህን አንድ ሰው 8 ቀንሶ 1966 ብሎ ቢያሳትመው ዘማቾቹ አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት የዘመቱ ይሆናሉ። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደግሞ በሚያዝያ ወር ስለተመረቀ ልዩነቱ 8 ነው፤ 1917 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1925። በሰሌዳው ላይ ቀንና ወሩ ከታወቀ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ወሩ ካልታወቀ በምንጩ ላይ ያለው ብቻ ይጻፍ።

ለፎቶ፦ 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ የድሮ የክፍል ፎቶ በኢንች 600 ነጥብ (ዲፒአይ) ስካን ሲደረግ 40 በ60 ሴንቲሜትር ድረስ በ150 ነጥብ ጥራት ይታተማል፤ ለግድግዳ ይህ በቂ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከው ግን ብዙ ጊዜ ረጅም ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ በዚያው ጥራት ከ22 ሴንቲሜትር አያልፍም። የባለቤቶቹን ፎቶ በሞባይል አስነስቶ መሰብሰብ ግድ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ፤ ቢቻል ስካነር ተይዞ ወደ ባለቤቱ ቤት ይኬድና ፎቶው እዚያው ይመለስ።

መብራቱ

በዚህ ግምገማ ከፍተኛውን ነጥብ የምንሰጠው ለኤልኢዲ ስፖት ከነማደብዘዣው ነው። ሐዲድ ላይ የሚንሸራተት፣ የቀለም ታማኝነቱ (CRI) 90ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ 3000 ኬልቪን ሞቅ ያለ ብርሃን ይፈለግ። ማደብዘዣ የሌለው አምፖል ርካሽ ቢሆንም አትግዙት፤ ብርሃኑ መስተካከል ካልቻለ የቀረው ጥራቱ ዋጋ የለውም።

ለብራና፣ ለወረቀት፣ ለፎቶና ለጨርቅ የሚመከረው 50 ሉክስ (ዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ነው፤ ለድንጋይና ለብረት፣ ለቸርኬው ደወል ለምሳሌ፣ 200 እና 300 ቢሆን ችግር የለም። ጉዳቱ ተደማሪ ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት የሚከፈት ክፍል 2,400 ሰዓት ይበራል፤ በ50 ሉክስ 120,000 የሉክስ ሰዓት ማለት ነው። ያው ዕቃ በ500 ሉክስ ቢቀመጥ በአንድ ዓመት የ10 ዓመት ብርሃን ይጠጣል። የፀሐይ ብርሃን ያለበት መስኮት ደግሞ ከ500 በብዙ እጥፍ ያልፋል፤ በደጋ ከተሞቻችን ከፍታ ጎጂው ጨረር ይብሳል። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ፊልም ጨረሩን ይቀንሳል እንጂ ብርሃኑን አያስቀርም። ድርብ የአቡጀዲ መጋረጃ ከፊልሙ ርካሽ ነው፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። ሉክስ የሚለካው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ማዕከሉ የራሱ ይኑረው፤ የስልክ አፕሊኬሽን ግምት ብቻ ነው የሚሰጠው።

በሣጥን ውስጥ የሚገባው የኤልኢዲ ጥብጣብ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ የኃይል መቀየሪያው ይሞቃል፤ ከሣጥኑ ውጭ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የራሱ ሙጫ ወራት ሳይቆይ ይለቅና ጥብጣቡ ዕቃው ላይ ይወድቃል፤ በአሉሚኒየም ቅርፅ ውስጥ ተጠልሎ በብሎን ይያዝ።

የመሠረተ ትምህርት መማሪያዎች፣ በጋዜጣ ዓይነት ወረቀት የታተሙት፣ ከሁሉም በፊት የሚበላሹ ናቸው። ወረቀቱ ራሱ አሲድ ስለሚያወጣ ይቢጫል፣ ብርሃን ደግሞ ያፋጥነዋል። ሦስት ወር ኦሪጅናሉ፣ ዘጠኝ ወር ቅጂው እንዲታይ አድርጉ፤ መግለጫው ላይም «ቅጂ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ሣጥኑ

ኤምዲኤፍና ቺፑድ (ከእንጨት ብናኝና ፍርፋሪ በሙጫ የተጨመቁ ሰሌዳዎች) በየአናጢው ቤት የሚቀርቡት ቀጥ ብለው ስለሚቆረጡ ነው፤ ግን ከውስጣቸው የሚወጣው ጋዝ ነሐስ፣ መዳብና እርሳስን ያዝጋል፣ ወረቀትንም ያደክማል። የታጠፈ ላሜራ ተሠርቶ በፋብሪካ ደረጃ በዱቄት ቀለም ቢቀባ የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። በጀት ካልፈቀደ ኤምዲኤፉ ስድስቱም ፊት፣ የተቆረጠው ጠርዝ ጭምር፣ አሉሚኒየም ፎይል ባለው መሸፈኛ ይዘጋ። ጠርዙ ሳይሸፈን የቀረ ሣጥን እንዳልተሸፈነ ይቆጠራል።

መስታወቱ 6 ሚሊሜትር፣ ሙቀት ያየ (ቴምፐርድ) ወይም ድርብ ተጣባቂ (ላሚኔትድ) ይሁን። ተራ 4 ሚሊሜትር ልጅ ሲደገፍበት እንደ ቢላ ይሰበራል። አክሪሊክ፣ መስታወት መሰሉ ፕላስቲክ፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ ነገር ግን ይቧጨራል፣ አቧራም ይስባል፤ በአልኮል ሲወለወል ደግሞ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል። የሚጸዳው ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ፣ ውኃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ብቻ ነው።

መስታወት የሚያጣብቁበትን ሲሊኮን አሽትቱት። ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ ለሙዚየም ሣጥን አይሆንም። ሽታ የሌለው፣ ገለልተኛ የሚባለው ዓይነት አለ፤ ስሙ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ግን ሠራተኛው የሚያመጣው የለመደውን ነው።

እርጥበት ለመቆጣጠር በሣጥኑ ታች የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥና የሚመልስ ጠጠር) መሳቢያ ይሠራ። ልኩ ለአንድ ሜትር ኩብ አየር 20 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ሩብ ሜትር ኩብ ያለው ሣጥን 5 ኪሎ ይፈልጋል። በየጫማ ካርቶኑ የሚገኙ ትናንሽ ከረጢቶችን መበተን ምንም አይረዳም። ጨርሶ የደረቀ ጄል ብራና ሣጥን ውስጥ ማስገባትም አደጋ ነው፤ ብራና ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፣ ከዚያ ሲወርድ ይኮማተራል፣ ይቆለመማል። ጄሉ መጀመሪያ በዚያ እርጥበት እንዲረጋ ይደረግ፤ አንድ ዲጂታል መለኪያም ውስጥ ይቀመጥ። ሰማያዊው ጄል ኮባልት ስላለበት ብርቱካናማው ይመረጥ።

ብራና መጽሐፍ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ አይታይ። ከ120 ዲግሪ በላይ ሳይከፈት፣ ሁለቱም ክንፉ ተደግፎ፣ ገጹ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይያዝ፤ ገጹም በየሦስት ወሩ ይገለጥ። ሉሁን ለማጽዳት ውኃ አታስነኩ፤ ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ በውኃ ታጥቦ እንደገና እንዲጻፍበት የተሠራ ስለሆነ አንድ እርጥብ ጨርቅ የመጨረሻውን ጽሑፍ ይዞት ይሄዳል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ደበሎው ብል ካለበት በፕላስቲክ ታሽጎ አየሩ ይወጣና ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣም ከነፕላስቲኩ አንድ ቀን ሙሉ የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ አይከፈት። ናፍታሊን መበተን ለጎብኚውም ለሠራተኛውም ጤና አይበጅም።

በሣጥኖቹ መካከል ያለው መተላለፊያ 120 ሴንቲሜትር ይሁን። ጠረጴዛ ዓይነት ሣጥን ከሥሩ 70 ሴንቲሜትር ክፍት ከሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ጎብኚ ተጠግቶ ያያል፤ ይህ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፣ በሥዕሉ ላይ ካልታሰበ ግን በኋላ አይስተካከልም።

ድምፅና ስክሪን

በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን ለወረዳ ማዕከል አንመክርም። መብራት ሲዋዥቅ ይጎዳል፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በቅርብ አይገኝም፣ ጥቁር ሆኖ የቆመ ስክሪን ደግሞ ክፍሉን በሙሉ የተዘጋ ያስመስለዋል። ከፍላሽ ራሱ እየደጋገመ የሚያጫውት ተራ ቴሌቪዥን ከስታቢላይዘር ጋር ይበቃል። ከሁሉም የሚያረካው ግን በቁልፍ የሚሠራ የድምፅ ሣጥን ነው፦ ልጆች ሀ ሁ ሲሉ፣ የዜማ ተማሪ ሲቀጽል፣ ቁርኣን ሲቀራ። ባለድምፆቹ በስም እንዲጠቀሱ ፈቃዳቸው በጽሑፍ ይወሰድ።

ውሉ

በሦስት ፕሮፎርማ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ለመውሰድ ስለሚገደድ፣ ጥራቱ የሚጠበቀው ጥያቄው ላይ በሚጻፈው ዝርዝር ብቻ ነው። «የፎሬክስ ሰሌዳ፣ ብዛት 12» ብሎ የጠየቀ 3 ሚሊሜትር ይቀበላል። ውፍረቱ፣ የላሚኔሽኑ ዓይነት፣ የአሰቃቀሉ ዘዴ፣ የመስታወቱ ውፍረት፣ የሲሊኮኑ ዓይነት፣ የአምፖሉ ኬልቪንና ማደብዘዣው ሁሉም ይጻፉ። ሙሉው ከመታተሙ በፊት የአንዱ ሰሌዳ ቁራጭ በትክክለኛ መጠኑ፣ በትክክለኛው ዕቃ ላይ ታትሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይታይ፤ በስልክ የተላከ ምስል ማጽደቅ የፊደሉን መጠንም ሆነ የአምፖሉን ነጸብራቅ አያሳይም። ጽሑፉን ሁለት ሰው ይረመው፤ አንደኛው ታሪኩን የሚያውቅ፣ ሁለተኛው ጽሑፉን አይቶት የማያውቅ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርሙ።

ከክፍያው 10 በመቶ ክፍሉ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ፤ ጣሪያው፣ ሰሌዳውና ሣጥኑ የሚፈተኑት ያኔ ነው። ሲረከቡም የሁሉም ሰሌዳ የሚታረመው ፋይል፣ ከርቭ የሆነው ፒዲኤፍ፣ የተጠቀሙበት ፎንት ስም፣ የቀለሙ ኮድ፣ ሁለት ትርፍ አምፖልና ባዶ የመግለጫ ካርዶች አብረው ይግቡ። አንድ ስም ተሳስቶ ሲገኝ ወይም አንድ ቤተሰብ አዲስ ፎቶ ይዞ ሲመጣ ማዕከሉ በራሱ እጅ አርሞ የሚሰቅለው በእነዚህ ነው።